አምስተኛው ቋንቋ

ወንድሜ ኃይለየሱስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል አምስት ቋንቋ ይናገር ነበር። ይህን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያወራሁት እኔ ዲና ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የሚያስተባብለኝም አልነበረም። ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ ሦስት ቋንቋ ቢናገር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አራት ከሆነ «ጎበዝ» ተብሎ ይታለፋል። አምስት ግን፣ አቦ፣ አምስት ያስወራል።

ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። በመንገዱ በኩል የኒሞ ሱቅ አለ፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይትና የዱቄት ወተት ትሸጣለች። ከሱቁ ጀርባ እሷና ልጇ ዒብራሂም ይኖራሉ፣ ከግቢው ጫፍ ደግሞ እኛ። ኒሞ ሶማሌ ናት። እናቴ የሺአረግ በባቡሩ ምክንያት ድሬ መጥተው እዚያው የቀሩ የሸዋ ሰዎች የልጅ ልጅ ናት፤ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። አባቴ ዓለምሰገድ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። እማዬ ቢሮ ስትውል ኃይልዬን የምትይዘው ኻድራ ነበረች፤ ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጣች፣ አማርኛዋ ገና የሚያነክስ፣ ኦሮሚኛዋ እንደ ውሃ የሚወርድ ሳቂታ ልጅ።

ከሁላችንም በላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ነበር። አባዬ ከጅቡቲ ሲመለስ በአረንጓዴ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣው፣ ኋላው የተነፋ ትልቅ ቴሌቪዥን። ያኔ ዲሽ በየጣራው የሚፈላበት ጊዜ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ካርቱን ብቻ የሚያሳይ አንድ የዐረብ ጣቢያ ነበረ፤ እኛ ቤት ሌላ ጣቢያ ይኑር አይኑር ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

የድሬን ቀትር የማያውቅ ሰው ይህን ነገር አይረዳውም። ከስድስት ሰዓት በኋላ የጣራው ቆርቆሮ መንጣጣት ይጀምራል፤ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ትልልቅ ሰዎች ሲሚንቶው ላይ ውሃ ይደፉና እዚያው ጋደም ይላሉ፣ ወይ ተሰብስበው ጫታቸውን ይቅማሉ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ልጅ እንደ ወንጀለኛ ነው የሚታየው። እናም ልጆች ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ቤቱ ሰላም ይሆናል። ጠዋት ኻድራ ልብስ ስታጥብና ወጥ ስትሠራ እሳት ዳር እንዳይመጣባት ትከፍትለታለች። ማታ እማዬ ከቢሮ እግሯን እየጎተተች ስትገባ ትንሽ ልረፍ ብላ አትዘጋውም። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ደክሞት ነበር።

ኃይልዬ ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቆ ነው የሚቀመጠው። ግንባሩ ላይ ቀይና ሰማያዊው መብራት ይጫወታል። ስሙን ብትጠራው አይዞርም፤ እኔ ደግሞ ጥናት ላይ እንዳለ ተማሪ አድርጌ ነበር የማየው። ውሃ ሲጠማው እጄን አንጓው ላይ ይዞ እየጎተተ እንስራው ጋ ይወስደኛል፣ ፊቴን ግን አያይም። እኔም አለቃ ነው እያልኩ እከተለዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

ሲናገርማ ብትሰሙት! «ሻላ ቢሊ ታካ ማኑ፣ ሻላ ማኑ!» ይላል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደ ጥያቄ ይንጠለጠላል፣ እንደ ተቆጣ ሰው ይጮሃል። አንዳንዴ እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ይላል።

እማዬ የምትችለው የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ዋጋ መጠየቂያና መከራከሪያ። ስለዚህ ሲያወራ ስትሰማው «ኧረ ይሄ ልጅ! ኒሞ ሶማሌ አድርጋ ልታስቀርልኝ ነው» ትልና ትስቃለች። ኒሞ ደግሞ ሰፊ የሽቲ ቀሚሷን እየሰበሰበች በግቢው ስታልፍ ቆም ብላ «ማሻአላህ! ኦሮሚኛውን እንዴት ነው የሚያፈጥነው? ይቺ ኻድራ ጎበዝ ናት ወላሂ» ትላለች። ኦሮሚኛ የምታውቀው ከደንበኛ የሚያግባባትን ያህል ነበር፤ የሕፃን ኦሮሚኛ ነውና አልገባኝም ብላ ታልፈዋለች። ኻድራ በበኩሏ ዐረብኛ ነው ብላ አምናለች። ከቲቪው የተማረው የቁርዓን ቋንቋ ነው ብላ ጭንቅላቱን የምትነካው እንኳ በአክብሮት ነበር።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ከዒብራሂም ጋር ስጣላ የምጣላው በሶማልኛ ነው፣ ከኻድራ ጋር ሚስጥር የማወራው በኦሮሚኛ ነው፤ ኃይልዬ የሚለው ሁለቱንም አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ብጠየቅ እናገር ነበር። ሰፈር ውስጥ ግን አስተርጓሚው ነበርኩ። ልጆች ከበው «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉኝ «ከረሜላ ካላመጣችሁ አልናገርም ነው የሚለው» እላለሁ። ያመጡ ነበር።

አንድ ቀን አባዬ ከመንገድ ገብቶ፣ ቀትር ላይ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ይህ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ኃይልዬ በየሰዓቱ ከተለያየ ሰው ጋር ነው የሚውለው፤ ከዚያ በፊት ሦስቱ ሴቶች እሱን ይዘው አንድ ላይ የተቀመጡበት ቀን ትዝ አይለኝም። ኒሞ ከሱቋ በረዶ ይዛ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። አባዬ ትራስ ተደግፎ ጫቱን ይቀነጥባል። ድንገት መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

ኃይልዬ የጠቆረውን መስታወት በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ ማንም ሳይዞር «ሻላ ቢሊ! ሻላ ቢሊ ታካ!» እያለ ማልቀስ ጀመረ።

«ምን እያለ ነው ኒሞ?» አለች እማዬ፣ ፊቷን በጋዜጣ እያራገበች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? ኻድራን ጠይቂያት እንጂ፣ ኦሮሚኛ እኮ ነው።»

ኻድራ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ብቅ አለች። «ኦሮሚኛ? አይደለም እትዬ። ዐረብኛ ነው።»

አባዬ ቀና አለ። ወደብ ላይ ከየመን ነጋዴዎች ጋር ሲውል ሲያድር ዐረብኛ ለምዷል። «በል እስቲ አባቱ፣ ድገምልኝ» አለው። ኃይልዬ ለእሱ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ደገመው። አባዬ አዳመጠ፣ እንደገና አዳመጠ።

«ይሄ ዐረብኛ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ሶማልኛ ነዋ» አለች እማዬ፣ ጋዜጣውን ሳታቆም።

«የሺ» አለች ኒሞ ቀስ ብላ፣ «ሶማልኛ ቢሆን እኔ አላውቀውም ነበር?»

ጋዜጣው ቆመ። ከውጭ የጣራው መንጣጣት ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም፤ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። «የራሱ ነው! የራሱ ቋንቋ ነው! እኔ ድሮም አውቅ ነበር!»

ማንም አልሳቀም። በጣም ስለገረማቸው ነው ብዬ ኮራሁ። እማዬ ኃይልዬን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «ኃይልዬ፣ የኔ ጌታ፣ እየኝ እስቲ» አለችው። ዓይኑ በትከሻዋ በኩል አልፎ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አለ አባዬ። «እኔ ራሴ በአራት ዓመቴ ነው የተናገርኩት፣ እናቴ ትለኝ ነበር።»

«እናትህ ስንት ነገር ትል ነበር» አለች እማዬ።

ከዚያ መብራት መጣ። ካርቱኑ እንደገና ጮኸ፣ ኃይልዬ ጸጥ አለ፣ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ተነስቶ ያጠፋው ሰው ግን አልነበረም።

በሳምንቱ እማዬ ከቢሮ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «ቋንቋ በዝቶበት ነው፣ አእምሮው ተምታቶበት ነው» ብላታለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኻድራን ጠርታ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አማርኛ ብቻ ነው የሚነገረው አለቻት። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ኒሞ፣ ልጁን በሶማልኛ አታናግሪብኝ።»

ኒሞ ሩዝ እየሰፈረች ነበር። ቀና አላለችም። «የኔ ቋንቋ ልጅሽን አመመው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ሐዬ» አለች ኒሞ። እሺ ማለቷ ነው፤ እሺ ግን አይመስልም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቋ የጓሮ በር መጋረጃ ወርዶ ቀረ፣ በረዶም መምጣቱን አቆመ።

ያኔ የገባኝ ሁለቱ ኃይልዬን የኔ ነው የኔ ነው ብለው እንደተጣሉ ነው። ያልገባኝን አሁን አውቀዋለሁ። ኻድራ ልብስ ስታጥብ በኦሮሚኛ እየዘፈነች ጣቶቹን ትቆጥርለት ነበር፤ ከሰው የሚያገኘው ንግግር ዋናው እሱ ነበር። በአማርኛ መዝፈን ስለማትችል ዝም አለች። ዝም ካለች ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከመክፈት ሌላ ምን ታድርግ? እማዬ ልታድነው ብላ የቀረችውን ጭላንጭል ዘጋችበት። ዛሬ ይህንን ሳነሳባት «ተዪኝ ዲና» ብቻ ነው የምትለኝ።

ሐኪም ቤት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ከሸዋ የመጣ፣ ሙቀቱን ገና ያልለመደ፣ አንገቱን በመሐረብ የሚጠርግ ወጣት ነበር። ከኃይልዬ ኋላ ሆኖ ቁልፎች አንቃጨለ፤ ኃይልዬ ዞረ። «ጆሮው ደኅና ይመስላል» አለ፤ ሌላም ምርመራ አዘዘለት። ከዚያ እማዬን መጠየቅ ጀመረ።

«ስሙን ሲጠሩት ይዞራል?»

«አንዳንዴ።»

«የገረመው ነገር ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ ያሳያችኋል? አሳይቶ ደግሞ እናንተን ዞር ብሎ ያያል?»

እማዬ የኃይልዬን ጣቶች አየች።

«ቴሌቪዥን በቀን ስንት ሰዓት ይከፈታል?»

«መቼ ይጠፋል ብለህ ብትጠይቀኝ ይቀለኛል» አለች። የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ ሐኪሙ ግን አዲስ ስለነበር ቀና ብሎ አያት።

«ባልደረባዬ ቋንቋ በዝቶበት ነው አለችኝ» አለች እማዬ።

«አይደለም። በዚህ ከተማ ስንት ልጅ ነው በሦስት በአራት ቋንቋ አፉን የሚፈታው? ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ጆሮ የለውም። ልጁ አንድ ነገር ቢለው አይመልስለትም። ልጅ ደግሞ መናገር የሚማረው ሲመለስለት ነው። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይህን አምጥቷል ብዬ አልምልልዎትም፤ ሌላ ነገርም ሊኖር ስለሚችል እንከታተለዋለን። መጀመሪያ ግን ቴሌቪዥኑን ዝጉትና ልጁን ሰው ያናግረው። በምትችሉት ቋንቋ ሁሉ።»

«ይናገርልኛል?»

«አሁን ላይ ይሄ ነው ልልዎት አልችልም» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ ጣትና ጆሮ። ያን ዕለት ማታ የኃይልዬን ጠቋሚ ጣት ይዤ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ ሳብ አደረግኩት። ደኅና ነበር። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገብቼ ጆሮ ፈለግሁ። ኋላው በሙሉ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ሐኪሙ ምንም አያውቅም ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ቀፊራ መግቢያ ላይ ስልክ እሸጣለሁ። እናቶች ሕፃን አዝለው ይመጡና «ለልጅ የሚሆን፣ ቢወድቅ የማይሰበር» ይሉኛል። እሸጥላቸዋለሁ፤ ሰባኪ አይደለሁም፣ ድካማቸውንም አውቀዋለሁ። ግን ሳላስበው የሕፃኑን ጣት አያለሁ። መብራቱን፣ ድመቷን፣ እኔን እየጠቆመ እናቱን ዞር ብሎ ካያት ደስ ብሎኝ ዋጋ እቀንሳለሁ።

ያኔ ከሐኪም ቤት በተመለስን በማግስቱ እማዬ ወደ ኒሞ ሱቅ ሄደች። እኔ ከግቢው ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ እማዬ ታለቅሳለች፣ ኒሞ እጇን ይዛ ትናገራለች። ወዲያው የኒሞ ወንድም ሮብሌ መጣ። ቤታችን ገብቶ ቴሌቪዥኑን በአረንጓዴው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አቅፎ፣ እያቃሰተ ወጣ። ኃይልዬ በእማዬ ክንድ ላይ ጀርባውን ወደ ኋላ እያጠፈ ይጮሃል። ኒሞ መጋረጃውን ከፍ አድርጋ «ቀስ በል ሮብሌ፣ ደረጃ አለ!» ትላለች። ፈገግ ብላ ነበር።

ትምህርት ቤት ገና ያን ሰሞን «የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ» የሚለውን ተምረን ነበር። ይኸው! ተረቱ ራሱ ግቢያችን ውስጥ ሲሄድ አየሁት። እማዬን አስለቅሳ፣ ላስቀየመቻት ካሳ ብላ ቴሌቪዥናችንን ወሰደች አልኩ። ዒብራሂምን መንገድ ላይ ይዤ «የኛን ካርቱን እያያችሁ ነው አይደል?» አልኩት። «ወላሂ አልተከፈተም፣ እኔም ለምኛት እንቢ አለች» ብሎ ማለ። እንዴት አድርጌ ልመነው?

የቀጠለው ጊዜ ከባድ ነበር። ቀትር ላይ የሚተኛ ሰው ጠፋ። ኃይልዬ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ያለቅሳል፣ እማዬና ኻድራ በየተራ አብረውት ወለሉ ላይ ይተኛሉ። ከሁሉ የባሰው ግን እማዬን አበድ አበድ ማድረጉ ነበር። ከቢሮ መጥታ ልጁን ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ ታወራለች። «አሁን ሽንኩርት ልንልጥ ነው። ቀዩን ሽንኩርት። ኧረ ሽንኩርቱ አስለቀሰን! ዓይናችንን አቃጠለን! አቃጠለህ ኃይልዬ?» ትልና ዝም ብላ ትጠብቃለች። እሱ ግድግዳ ያያል። እሷ የሆነ ነገር እንደተመለሰላት ሰው «እህ?» ትልና ትቀጥላለች። እኔ ጓደኞቼ እናቷ ከሽንኩርት ጋር ታወራለች እንዳይሉኝ ብዬ የጓዳውን መስኮት እዘጋ ነበር።

ኻድራም ዘፈኗን ጀመረች። ኒሞም መጋረጃውን ሰቀለችው፤ ከሰዓት በኋላ ኃይልዬን ወስዳ ሱቁ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሩዝ መዳፉ ላይ አፍስሳ «ባሪስ» ትለዋለች፣ ስኳር አቅምሳ «ሶንኮር»፣ ውሃ ስታጠጣው ደግሞ የሶማሌ እናት ልጇን እንደምትጠራው «ቢዮ፣ ሆዮ፣ ቢዮ»። ኩባያውን ከመስጠቷ በፊት ፊቱን እስኪያያት ትጠብቃለች። እኔ ዳር ቆሜ ሌባ ደግሞ መምህር ሆነች እላለሁ።

ኃይልዬ ግን አልተናገረም። ጭራሽ ያቺን «ሻላ ቢሊ»ውንም ተዋት። ዝም አለ፤ ፍጹም ዝም። አምስተኛውን ቋንቋ ገደሉበት ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የፈራሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አባዬ ከመንገድ ይደውላል፤ ድምፁ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማል። «ልጁን ጨርሰሽ ድዳ አደረግሽው! መልሺለት ቴሌቪዥኑን፣ ቢያንስ ያወራ ነበር!» እማዬ ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ወደ ኒሞ ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ።

«ኒሞ፣ ስጪኝ በቃ።»

«አልሰጥም።»

«የኔ ነው እኮ! በእናትሽ፣ ለቀትር ብቻ።»

«አልሰጥም አልኩሽ የሺ። ሂጂ፣ ልጅሽ ብቻውን ነው።»

እማዬ ጮኸችባት፣ የማይባል ነገር አለቻት። ኒሞ ሚዛኗን እየወለወለች ዝም ብላ ሰማች። እኔ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒሞ ስትጠራኝ አልሰማም፣ ከረሜላ ስትሰጠኝ አልቀበልም ነበር።

ነገሩን ያወቅኩት አምና ነው። ኒሞ እርጅናው ሲጫናት ሱቁን ልታስረክብ ዕቃ ስናወጣላት፣ ከጆንያዎቹ ኋላ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ አገኘሁት። ቋጠሮው አልተፈታም። ከላይ የተጋገረው አቧራ ጣት ያሰምጣል።

«ኒሞ፣ አንድም ቀን አልከፈትሽውም?»

«እናትሽ ያን ቀን መጥታ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያለች ይቅርታ ጠየቀችኝ» አለችኝ፣ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች። «ቀጥላ ቴሌቪዥኑን ውሰጂልኝ አለች። ‹ቤቴ ካለ እከፍተዋለሁ ኒሞ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ይደክመኛል። እግርሽ ላይ ወድቄ ብለምንሽም እንዳትመልሺልኝ› አለችኝ። ቃል ገባሁ። ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሌባ ነበር የምልሽ እኮ!»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ፊትሽ ይናገር ነበር» ብላ ሳቀች። «ካርቱንሽን የወሰደ ሰው ትፈልጊ ነበር አቦ። እናትሽን ከምትጠዪ እኔን ጥዪ አልኩ። እሷ ያን ጊዜ አንድ ተጨማሪ የሚያኮርፋት ልጅ የምትችልበት አቅም አልነበራትም።»

አቧራውን በእጄ ጠረግሁት።

እንግዲህ ያኔ በልጅነቴ፣ ያ የቴሌቪዥኑ ጭቅጭቅ ከሆነ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀፊራ በእግር እየተመለስን ነበር፤ እማዬ፣ ኒሞ፣ እኔና ኃይልዬ። እማዬና ኒሞ ታርቀዋል፤ የእነሱ ጠብ ከበረዶ በላይ አይቆይም። እኔ ግን አኩርፌ ከኋላ ነበር የምሄደው። ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፣ ደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከታች ደረቁ አሸዋ ላይ የነበሩ ሰዎች ዕቃቸውን አንጠልጥለው ሲሮጡ፣ ፉጨት ሲነፋ ሰማን። «መጣ! መጣ!» ይላል ሰው። ድልድዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ብረቱ ተጠጋ። በጎርፉ ስንት ሰው የወሰደውን ያን ወንዝ የድሬ ሰው እንደ ቀልድ አያየውም፤ ሳቁ ሁሉ ቆመ፣ ኒሞ በከንፈሯ ዱዓ ታደርጋለች። እማዬ ኃይልዬን አጥብቃ ታቀፈችው።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ቡናማው ውሃ አረፋውን እየገፋ፣ ቅርንጫፍና ፕላስቲክ እየጠረገ፣ ባዶውን አሸዋ እየሸፈነ መጣ። ደግነቱ ያን ቀን ትንሽ ነበር።

ኃይልዬ ቀጥ አለ። እጁ ከእማዬ አንገት ላይ ተነሳ። ያቺ እኔ አጥፌ ዘርግቼ የመረመርኳት ጣት ወጣችና ወደ ታች ወደ ውሃው ተቀሰረች።

«ቢዮ!» አለ።

አላበቃም። ዞረ። እማዬን አያት፣ ዓይኗን። ከዚያ ኒሞን፣ ከዚያ እኔን፤ አያችሁ ወይስ አላያችሁም ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው በየተራ አየን። «ቢዮ!»

ኒሞ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማዬ ድምፅ ሳታወጣ ማልቀስ ጀመረች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም። እኔ ወዲያው ገባኝ። እዚህ ቤት አማርኛ ብቻ ያለችው እሷ አይደለችም? ያ ሁሉ ሽንኩርት፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ በመጨረሻ አፉን የፈታው በሶማልኛ ሆነ! አዘንኩላት። የኃይልዬን እግር ይዤ ነቀነቅሁት። «ውሃ በል እንጂ! ኃይልዬ፣ ውሃ ነው የሚባለው፣ ውሃ!»

ያ ልጅ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ከደንበኛ ጋር በአራት ቋንቋ የሚከራከር፣ ዝም በል ቢሉት ዝም የማይል ጎረምሳ ነው። ቃላቱ በአንድ ቀን አልመጡም፤ ዓመታት ፈጅቷል፣ ሐኪም ቤትም ብዙ ተመላልሰናል። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ግን የነበረችን አንዲት ቃል ናት፣ እኔም እሷን ላርም እታገል ነበር።

እማዬ እጄን ከእግሩ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። «ተዪው ዲና። ተዪው፣ እንዳለው ይበለው» አለችኝ። ከዚያ ጉንጯን ከጉንጩ አስጠግታ፣ ጣቱ ወደሚያሳያት አብራው አየች።

«አዎ የኔ ጌታ» አለችው። «ቢዮ ነው። ቢዮ መጣ።»